ግላኮማ ያለባችሁ፣ ወይም በቤታችሁ ያለ፣ ይህን አንብቡልኝ

ግላኮማ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳው በሽታ፣ እንዳለብኝ ያወቅኩት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው። የስልኬን ጽሑፍ ራቅ ካላደረግኩት አልነበብ ስላለኝ የማንበቢያ መነጽር ላሠራ ዓይን ክሊኒክ ገባሁ። አርባን ያለፈ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አንድም ሳልስት አነበብኩ። ኦፕቶሜትሪስቷ (ዓይን ለክታ መነጽር የምታዝዘው ባለሙያ) ግን መነጽሩን ከመጻፏ በፊት በመብራት ወደ ዓይኔ ውስጥ አየች። ቆየች። ከዚያ «በቤተሰባችሁ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለ። የእናቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ቤት ግን «ሞራ ነው፣ ዕድሜ ነው» ተብሎ ታልፏል። ይህን ስነግራት የዓይኔን ግፊት ለካች። ቀኙ 29፣ ግራው 24 ሆነ። አብዛኛው ሰው ላይ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደሚሆን ነገረችኝና ወደ ግላኮማ ስፔሻሊስት ላከችኝ።

ምንም አያመኝም ነበር። ዓይኔ አይቀላም፣ አያለቅስም፣ አይደበዝዝም። ከዚያ በፊት ለመነጽር ዓይኔን ተለክቻለሁ፤ የተለካው ግን ፊደል ማንበቤ ብቻ ነው። ግላኮማ ደግሞ ፊደል የምናነብበትን የመሃሉን እይታ ብዙ ጊዜ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ለመነጽር ስትሄዱ «ግፊቴንም ለኩልኝ፣ የዓይኔን ነርቭም እዩልኝ» በሉ። በተለይ አርባ ዓመት ካለፋችሁ፣ ወላጅ ወይም እህት ወንድም ግላኮማ ካለበት፣ የሩቁን ለማየት ወፍራም መነጽር የምታደርጉ ከሆነ፣ ስኳር ካለባችሁ ወይም ዓይናችሁ ተመትቶ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ሳትጠይቁ አትውጡ። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባለን ሰዎች ላይ በሽታው ይበዛል፤ ቀደም ብሎም ይጀምራል።

በዚያ ሰሞን ከተደረጉልኝ ምርመራዎች ሁሉ የማልረሳው የእይታ መስክ ምርመራውን ነው። አንድ ዓይን ይሸፈናል። አገጭና ግንባር ማሽኑ ላይ ያርፋሉ። መሃል ላይ ያለችውን ነጥብ እያያችሁ፣ ዙሪያውን ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት ባያችሁ ቁጥር ቁልፍ ትጫናላችሁ። ቀላል ሆኖልኛል ብዬ ወጣሁ። ወረቀቱ ሲታተም ግን የቀኝ ዓይኔ የላይኛው ክፍል ላይ፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ ጥቁር ቀስት የመሰለ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ቦታ ማየት አቁሟል። እኔ ደግሞ እዚያ የጎደለ ነገር መኖሩን አላውቅም።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ግላኮማ የወሰደው ቦታ ጥቁር ሆኖ አይታይም አለኝ። አንጎል ባዶውን በአካባቢው ባለው ነገር ይሞላዋል። ከዚያም በላይ ቀኝ ዓይኔ ያጣውን ግራው እየሸፈነለት ነበር። ቤት ገብቼ ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩና ቀኙን በር እጀታ ላይ ተከልኩት። ከበሩ ወደ ላይ በስተግራ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት የለም። ግድግዳው አለ፤ ቀለሙም አለ፤ ሰዓቱ ብቻ የለም። እጄን ሳነሳ ተመለሰ። በሽታው እውነት መሆኑን የተቀበልኩት ያኔ ነው። እናንተ ግን በዚህ መንገድ ራሳችሁን መርምራችሁ «ደህና ነኝ» እንዳትሉ። በቤት ሙከራ የሚታወቅ ጉድለት የቆየ ጉድለት ነው።

በሽታውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓይናችን ውስጥ ዘወትር የሚመረትና የሚወጣ ንጹህ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም፤ ውስጥ ያለ ነው። መውጫው እንደ ልብ ካላሳለፈው፣ ቧንቧው ተከፍቶ መውረጃው እንደ ጠበበ ገንዳ፣ ፈሳሹ ይጠራቀምና ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ የሚጎዳው ከዓይን ጀርባ ተነስቶ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ቀጫጭን ክሮች አሉት። አንዴ የሞተ ክር ተመልሶ አያድግም። ግፊታቸው 21 ሳይደርስ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ግፊት ብቻ ተለክቶ «ነጻ ነህ» ማለት አይቻልም፤ ነርቩ መታየት አለበት።

«የጠፋውን መመለስ አልችልም» አለኝ ሐኪሙ። «የቀረውን ግን አብረን እንጠብቃለን።»

የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ሰምቼ ነው የወጣሁት። ሌሊቱን ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። ግላኮማ በዓለም ላይ ሊመለስ የማይችል ዓይነ ስውርነት ከሚያመጡ በሽታዎች ቀዳሚው ነው የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩ። እውነት ነው። ግን በጊዜ ተገኝቶ ሕክምናውን በአግባቡ የሚከታተል አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያገለግል እይታ ይዞ እንደሚኖር የሚለው ላይ ዓይኔ አላረፈም። ሰሞኑን የተነገራችሁ ካላችሁ፣ ያን ሌሊት እንደ እኔ ብቻችሁን አትደሩት። ለአንድ ሰው ንገሩ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ጆሮ ግማሹን ነው የሚሰማው።

ተራ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ያሳክከው ነበር። አንድ ጊዜ የታዘዘለት ጠብታ ማሳከኩን ወዲያው ስላጠፋለት፣ ባሳከከው ቁጥር ያንኑ እየገዛ ለዓመታት ተጠቀመበት። ጠብታው ስቴሮይድ ነው። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞን የሚባሉት ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ብዙ ጊዜ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅለው በአንድ ጠርሙስ ይመጣሉ። ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ያለ ክትትል ሲቆዩ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊትን በጣም ከፍ ያደርጋሉ። ያ ልጅ ከእኔ ይልቅ ብዙ እይታ አጥቷል። እባካችሁ፣ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለውን የዓይን ጠብታ አሁኑኑ አውጥታችሁ ስሙን አንብቡ። ማሳከክ የሚያስቸግረው ልጅ ካላችሁ ደግሞ የምትጨምሩለት ምን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ለአስም የሚነፋ ወይም የሚዋጥ ስቴሮይድ የምትወስዱ ከሆነም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለዓይን ሐኪማችሁ ግን ንገሩት።

የእኔ ሕክምና በላታኖፕሮስት ተጀመረ። በየማታው አንድ ጠብታ በሁለቱም ዓይኖች። መጀመሪያ ዓይኔ ቀላ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተወው። ሽፋሽፍቴ ረዘመ። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው የዓይንን ቀለም ያጠቁራል፣ የዓይን ዙሪያንም ትንሽ ጎድጎድ ያደርጋል፤ ቀድሞ ማወቁ ከመደንገጥ ያድናል። ግፊቱ ወረደ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ በነበረው ቀጠሮ ግን ቀኙ ተመልሶ ወደ 25 ወጥቷል። ሁለተኛ ጠብታ ተጨመረልኝ። አሁንም ብዙም አልወረደም። ሐኪሙ ስለ ኦፕራሲዮን ማውራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የተቀየረው። አንዲት ነርስ ካርዴን ስትሞላ «ጠብታውን እንዴት ነው የምታደርጊው?» አለችኝ። በየማታው፣ አንድም ቀን ሳልዘል፣ አልኳት። «እሱን አይደለም። እስቲ እኔ እያየሁሽ አድርጊ» አለችና መድኃኒት የሌለበት ሰው ሠራሽ የእንባ ጠብታ ሰጠችኝ። አደረግኩ። አንዱ ሽፋሽፍቴ ላይ አረፈ። ሌላው ገባ፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት ሳደርግ ጉንጬ ላይ ወረደ። ሌላ ጨመርኩ። የጠርሙሱ ጫፍ ደግሞ የዓይኔን ቆብ ነካ። ነርሷ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው አስተማረችኝ።

እንዲህ ነው። እጅ ይታጠባል። መቀመጥ የሚያስቸግር ከሆነ መተኛት ይሻላል። የታችኛውን ቆብ በአንድ ጣት ዝቅ አድርጋችሁ ትንሽ ኪስ ትሠራላችሁ። ወደ ላይ ታያላችሁ። ጠብታው ኪሱ ውስጥ ይግባ እንጂ ብሌኑ ላይ መውደቅ የለበትም። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም አይንካ፤ ከነካ ጀርም ይገባበታል። አንድ ጠብታ በቂ ነው፤ አንዱ ጠብታ ራሱ ዓይን ከሚይዘው ይበልጣል። ከዚያ ዓይንን ቀስ ብሎ መክደን ነው። መጭመቅ የለም፣ ማርገብገብም የለም። ዓይን ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በጣት ጫን አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዙት። በዚያ ጥግ በኩል ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርድ ቀዳዳ አለ። ካልተያዘ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል፤ ዓይን ሳይጠቀም ልብና ሳንባ ይቀምሱታል። ሁለተኛ ጠብታ ካለ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ያለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ቀድማችሁ አውልቁት፣ ለመመለስም ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀኝ ዓይኔ 18 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ አልተቀየረም። የተቀየረው አጨማመሩ ብቻ ነው። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ጣታችሁን የሚያምማችሁ ከሆነ ሰው ይጨምርላችሁ፤ ጠርሙሱን ዓይን ላይ አስተካክለው የሚይዙ መደገፊያዎችም አሉ። በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ አንድ ቀን ባለሙያ ፊት አድርጋችሁ አሳዩ። ማንም ሳይጠይቃችሁ እናንተ «እዩኝ» በሉ።

የጠብታው ትልቁ ፈተና ስሜት የማይሰጥ መሆኑ ነው። የራስ ምታት ክኒን ስትውጡ ሕመሙ ሲለቃችሁ ይታወቃችኋል። ይህ ግን ብታደርጉትም ብትተዉትም ነገ የምታዩት ያው ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ለዚህ ነው። እኔ ጥርሴን ከመቦረሽ ጋር አያያዝኩት። ጠርሙሱ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ነው፤ አንዱን ሳላደርግ ሌላውን አልነካም። ስልኬም ይጠራል። አዲስ ጠርሙስ ስከፍት ቀኑን እላዩ ላይ እጽፋለሁ። ላታኖፕሮስት በአብዛኛው ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይቆያል። የእናንተ ጠርሙስ ላይ ሌላ ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ግማሽ ሲሆን ተተኪውን ግዙ። መንገድ ስትወጡ ከሻንጣ ጋር አትላኩት፤ ከእናንተ ጋር ይሁን። አንድ ማታ ከረሳችሁ በማግስቱ እጥፍ አታድርጉ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን ቀጠሮ ሲቃረብ ጎበዝ እንሆናለን። ሦስት ወር ችላ ያልነውን ጠብታ በመጨረሻው ሳምንት አጥብቀን እንይዛለን። ሐኪሙ ይለካል፣ ግፊቱ ጥሩ ነው፣ ነርቩ ግን እየተጎዳ ነው። እሱ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ወደ ከባድ ሕክምና ይሄዳል። ስንት ቀን እንደዘለላችሁ እውነቱን ንገሩት። መድኃኒቱ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነም ንገሩት፤ ዋጋቸው የቀለለ ሌሎች አሉ። የቀጠሮው ዕለት ደግሞ «ዛሬማ ሐኪሙ ያየኛል» ብላችሁ ጠብታውን አትዝለሉ።

ሁለተኛው ጠብታዬ ቲሞሎል ነበር። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ እያጠረኝ መጣ። ዕድሜዬ ነው አልኩ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ደረቴ ሲያፏጭ ልጅ ሳለሁ አስም እንደነበረኝ ትዝ አለኝ። ለሐኪሙ ደወልኩለት፤ ወዲያው በዶርዞላሚድ ቀየረው። ቲሞሎል አስም ላለበት ወይም የልብ ምቱ ዘገምተኛ ለሆነ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። የዓይን ጠብታ ዓይን ውስጥ ብቻ የሚቀር ይመስለናል፤ አይደለም። ለዓይን ሐኪማችሁ ስለ አስማችሁ፣ ስለ ልባችሁ፣ ስለ ኩላሊታችሁ ንገሩ። ለሌላው ሐኪማችሁ ደግሞ ስለ ጠብታችሁ ንገሩ። ዶርዞላሚድ ያቃጥላል፣ አፍ ውስጥም የሚመር ጣዕም ይተዋል። ብሪሞኒዲን የሚባለው ሌላ ጠብታ አንዳንዱን ያደክማል፤ ከወራት በኋላ ዓይኑን የሚያቀላበትና የሚያሳክከው ሰውም አለ። ያልተስማማ ነገር ይቀየራል። ከመተዋችሁ በፊት ደውሉ እንጂ ዝም ብላችሁ አታቁሙ።

አሁን ደብተር አለኝ። በየቀጠሮው የሁለቱም ዓይኖች ግፊት፣ የተለካበት ሰዓት፣ የምወስደው ጠብታ ይጻፍበታል። የእይታ መስክ ወረቀቶቼንና የነርቭ ፎቶዬን ኮፒ አስቀምጣለሁ። ኮፒ ጠይቁ፤ የእናንተ ነው። ሐኪሜ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ አዲሱ ሐኪም ከባዶ አልጀመረም። የመጀመሪያውን ወረቀት ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ግራ ዓይኔ እንዳልተነቃነቀ፣ ቀኙ ግን ቀስ እያለ እየባሰ እንደሆነ በዚያው ቀን አየ። ግላኮማን የሚያሳየው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የዓመታት አካሄድ ነው። ኮርኒያችሁ (ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ምን ያህል ውፍረት እንዳለውም አንድ ጊዜ አስለኩ። ኮርኒያው ቀጭን የሆነ ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል።

የእይታ መስክ ምርመራን የሚጠላ ብዙ ነው። እኔም እወጣው የነበረው ፈተና የወደቅኩ እየመሰለኝ ነበር። ማሽኑ ሆን ብሎ ማየት የማትችሉትን ያህል ደብዛዛ መብራት እንደሚያሳይ ሲነገረኝ ነው የቀለለኝ። ደህና ዓይን ያለውም ሰው ብዙዎቹን አያያቸውም። መብራቱን ፍለጋ ዓይናችሁን አታንከራትቱ። እንደ ልባችሁ አርገብግቡ። ከደከማችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙ ብዙዎቹ ማሽኖች ይጠብቋችኋል። የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል፤ ሰው እስኪለምደው ነው። ጉንፋን ይዟችሁ ወይም እንቅልፍ አጥታችሁ ከሄዳችሁ ተናገሩ፤ ምርመራው ይደገማል።

ሐኪሞች «ዒላማ ግፊት» የሚሉት አለ። ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ነርቩ ብዙ የተጎዳ ሰው ከሌላው ዝቅ ያለ ያስፈልገዋል። የእኔ ቀኝ ዓይን 18 ላይ ሆኖም ስለባሰ ዒላማው ወደ 12 ወረደ። ቁጥሯ ትንሽ መስላ አትናቋት። በስዊድን የተደረገ የብዙ ዓመት ጥናት፣ ግፊት በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዒላማችሁ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሁን።

ግራ ዓይኔ ሌዘር ተደርጎለታል። ተቀምጬ ነው የተሠራው፤ ደቂቃዎች ነው የወሰደው፤ ከመጠነኛ መቆርቆር ሌላ አላመመኝም። ፈሳሹ የሚወጣበትን ወንፊት ያነቃቃዋል። በ2019 ዘ ላንሴት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከጠብታ በፊት በሌዘር ከጀመሩት ሕሙማን ከአራቱ ወደ ሦስቱ የሚጠጉት ከሦስት ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው ዒላማው ላይ እንደነበር አሳይቷል። ለሁሉም ዓይነት ግላኮማ አይሆንም፣ ውጤቱም በዓመታት ውስጥ እየደከመ ሊሄድ ይችላል። ግን ጠብታ የሚከብደው ሰው «ሌዘር ለእኔ ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይጎዳም።

ቀኙ ግን ኦፕራሲዮን ሆነ። ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል። ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈትለታል፤ ከላይኛው ቆብ ሥር ትንሽ ውሃ የቋጠረች እብጠት ትቀራለች። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው። ዘመድ ሁሉ «ታዲያ ለምን አልጠራልሽም?» ይለኝ ነበር። ሰው የሚያውቀው የሞራ ኦፕራሲዮንን ነው። ሞራ ሲወጣ ዓለም ይጠራል። የግላኮማ ኦፕራሲዮን ግን የሚሠራው የቀረው እንዳይሄድ ነው። እንዲያውም ሳምንታት ደብዝዞብኝ ነበር፤ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ባላለቀስኩ። የምትገቡበት ከሆነ ለቤተሰባችሁ ከመግባታችሁ በፊት አስረዱ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ አታንሱ፣ አታጎንብሱ፣ ዓይናችሁን አትሹ። የክትትል ቀጠሮ አንድም አትዝለሉ፤ የኦፕራሲዮኑ ግማሽ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ያ ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም እይታው ከቀነሰ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነገ አይባልም።

ኑሮዬ ብዙ አልተለወጠም። በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ግፊትን መጠነኛ በሆነ መልኩ ይቀንሳል። ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያደርጉ የስፖርት ዓይነቶችን ትቻለሁ፤ ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ክብደት ማንሳትንም። ውሃ ብዙ እጠጣለሁ፣ ግን አንድ ሊትር በአንዴ አልጠጣም፤ እንደዚያ ሲጠጣ ግፊቱ ለጊዜው ይጨምራል። የተጎዳውን ዓይን ትራስ ላይ ደፍቼ አልተኛም። ስልክ ማየትና ማንበብ ግላኮማን አያመጡም፤ አንብቡ። ደረጃ ላይ የእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ እንዲለይ ነጭ ቴፕ ለጥፈናል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስገባ ቆም እላለሁ። መንዳት የምትወዱ ደግሞ ውጤታችሁን ይዛችሁ ሐኪማችሁን በግልጽ ጠይቁ፤ ከጎን የሚመጣ ሕፃን የሚታየው በመሃሉ እይታ አይደለም። የሞተ ነርቭ እናድሳለን የሚሉ ጠብታና ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች መልእክት ይልኩልኛል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ዛሬ የለም። ገንዘቡ ከዋናው ጠብታችሁ ላይ እንዳይነሳ እለምናችኋለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ዝም ብሎ ስለሚመጣው ዓይነት ነው። በድንገት የሚነሳም አለ። ዓይን በኃይል ያማል፣ ይቀላል፣ ይደበዝዛል፣ መብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ክብ ይታያል፣ ራስ ይወቅራል፣ ያስመልሳል። በማስመለሱ ምክንያት የሆድ በሽታ ነው ተብሎ ጊዜ የሚባክንበት ሰው አለ። ይህ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ያጠፋል፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ዓይኑ ተለቅ ያለ፣ ሁልጊዜ የሚያነባና ብርሃን የሚሸሽ ከሆነ «ዓይኑ እንዴት ያምራል» ተብሎ አይታለፍ። ይመርመር።

እናቴን ያስመረመርናት የእኔ ከታወቀ በኋላ ነው። የጠፋው ዓይኗ ግላኮማ ነበር። በቀረው ዓይኗ ላይ ሞራም ግላኮማም ተገኘ። ሞራው ወጣላት፣ ጠብታ ጀመረች፤ ዛሬ ፊታችንን ለይታ ታያለች። የፊተኛው ዓይኗ አልተመለሰም። ወንድሜ «እኔ ደህና አያለሁ፣ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሄደው?» ብሎ ብዙ ተከራከረኝ። አብሬው ሄድኩ። ግፊቱ 18 ነው፤ ነርቩ ግን አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ በየዓመቱ እየታየ ነው። ሌላ አገር ላለችው እህቴ የላክሁላትን መልእክት እዚህ ልተወው፤ ለእህት ወንድሞቻችሁ እንዳለ ላኩት፦ «ግላኮማ አለብኝ፤ በዘር ይሄዳል። ባያምሽም ሂጂ። ግፊትሽን እንዲለኩ፣ ብሌንሽን በጠብታ ከፍተው ነርቭሽን እንዲያዩ ንገሪያቸው። በዚያ ቀን ዓይንሽ ለሰዓታት ስለሚደበዝዝ መኪና እንዳትነጂ፤ ሰው ይዘሽ ሂጂ።»